ለኳስ የተስተካከለ ብርሃን

ጋምቤላ ውስጥ ስለ ምስል ጥራት ማውራት የጥጋብ ምልክት ነው ይሉኛል። መብራት ሲኖር የምንደሰት፣ ሲጠፋ የማንገረም ሰዎች ነን፤ ታዲያ ግድግዳ ላይ የተጣለ ምስል ደበዘዘ ብሎ የሚቆጣ ሰው ምን ነካው? እንዲህ የሚሉኝ ሰዎች ሥጋ ቤት ገብተው ትንሽ ጅማት ቢያገኙ ሳህኑን የሚመልሱ ናቸው። የሸሚዛቸው ኮሌታ በትንሹ ቢጣመም ልብስ ሰፊውን መግቢያ ያሳጡታል። የሰጡትን ሁሉ ዝም ብሎ እንዲበላ የተፈረደበት ዓይናቸው ብቻ ነው።

ድሮ በሪል ሲታይ ምስሉ እንዴት ያምር ነበር ከሚሉትም ወገን አይደለሁም። እኔ ያደግሁት አቦቦ፣ ከሰፋሪ ደገኞች ልጆች እንደ አንዱ ሆኜ ነው። በልጅነቴ ያየሁት ተንቀሳቃሽ ሥዕል ቢኖር ስለ ወባ የሚያስተምር፣ በተወጠረ አንሶላ ላይ እንደ ዝናብ የሚወርድ ጭረት ነበር። ትንኟ ከጭረቱ ተቀላቅላ አትለይም። ስለዚህ ናፍቆቴን ለተሻለ ነገር አስቀምጫለሁ። ዲጂታል መጣ ሲባል ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። የሚያናድደኝ መሣሪያው አይደለም። ደህና መሣሪያ ይዘን መጥፎ ማየትን እንደ ዕጣ ፈንታ መቀበላችን ነው።

ኒውላንድ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከቤቴ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የቆርቆሮ አዳራሽ አለ። ባለቤቱ አባታቸው ከደጋ ለንግድ የወረዱ፣ እርሳቸው ግን እዚሁ ሱቅ ውስጥ ያደጉ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው፤ ከተማው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። ሐጂ ደግ ሰው ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥዬ የምለው ደግነታቸውን ሊያስረሳ ስለሚችል ነው።

አዳራሹ የሚኖረው ኳስ በማሳየት ነው። የፊት ግድግዳው ነጭ የዘይት ቀለም ተቀብቷል፤ የዘይት ቀለም የተመረጠው አቧራ ሲይዘው በእርጥብ ጨርቅ ስለሚወለወል ነው። ስለዚህ ግድግዳው ያብረቀርቃል፤ ከጎን የገባውን ብርሃን ሁሉ መልሶ ዓይን ውስጥ ይረጫል። ጣሪያው ላይ ምስማር ወልቆ የተዋቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በእነርሱ ገብታ ግድግዳው ላይ ሳንቲም የሚያህሉ ክቦች ትበትናለች። በሮቹም አይዘጉም። በዚህ ሙቀት በር ዘግቶ ሰው መሰብሰብ ዳቦ መጋገር ነው።

ፕሮጀክተሩ ከግድግዳው እጅግ ርቆ፣ ከጣሪያው ብረት ላይ በሽቦ ታስሯል። ምስሉ ከጥግ እስከ ጥግ መሙላት አለበት፤ ሐጂ ትልቅ ምስል ይወዳሉ። ብርሃኑ በዚያ ሁሉ ስፋት ተበትኖ ግድግዳው ጋ ሲደርስ ውሃ የበዛበት ሻይ ሆኗል። አምፖሉ ቶሎ እንዳይቃጠል ቁጠባ ላይ አድርገውታል፤ ቀለሙን ደግሞ «ስፖርት» በሚለው ላይ። ስፖርት ላይ ሲሆን ሣሩ በአረንጓዴ ይጮኻል፣ ነጭ ማሊያ ይነድዳል፣ ጠቆር ያለ ነገር ሁሉ ግን አንድ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ተጫዋች በጀርባው ቁጥር ይታወቃል፤ ፊት ማን ይፈልጋል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ ቁጣዬ ሁሉ ከዚህ ነው የሚመነጨው። ፕሮጀክተር ጥቁር የሚባል ብርሃን የለውም። ቀይ ይረጫል፣ አረንጓዴ ይረጫል፣ ሰማያዊ ይረጫል፤ ጥቁር ላይ ሲደርስ ግን ዝም ይላል። ጥቁሩ ያልተነካው ግድግዳ ራሱ ነው። ግድግዳው ላይ ከበር የገባ ፀሐይ ካለ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፤ ከጥቁር ትንሽ ፈካ የሚለው ሁሉ፣ የጉንጭ ጥላ፣ የዓይን ሥር፣ የከንፈር ጠርዝ፣ በዚያ ግራጫ ውስጥ ይሰጥማል። እዚህ አገር ደግሞ አብዛኛው ሰው እዚያ የሚሰጥመው ነው።

ከተማው ለዚህ ቀልድ አበጅቶለታል። ፎቶ ሲነሱ «ፈገግ በል፣ እንድትታይ» ይባባላሉ። ቀልዱን የሚቀልዱት ራሳቸው የማይታዩት ናቸው፤ የሚያቃጥለኝም እርሱ ነው። ጫማ ሲጠብበው እግሩን የሚወቅስ ሰው አላየሁም። መሣሪያ ሲያጠፋው ግን መልኩን የሚወቅስ አንድ ከተማ ሙሉ ሕዝብ አይቻለሁ።

ጎረቤቴ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የምትሠራ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ የምትዘምር የዚሁ አገር ተወላጅ ናት። እናቷ ባሮ ዳር ዓሣ ይሸጡ ነበር። አንድ የከተማው ወጣት ካሜራ ይዞ ወንዙ ዳር ሰነበተና በወንዙ ስለሚኖሩ ሰዎች ፊልም ሠራ፤ እናቷ የዓሣ ቅርፊት እየፋቁ ስለ ሥራቸው ሲናገሩ ይታያሉ። ፊልሙ ተሠርቶ ሳያልቅ፣ በክረምቱ፣ እናቷ ሞቱ።

የእናቷ ታላቅ እህት የሚኖሩት ከአቦቦ ወዲያ ነው። ያን ሰሞን መንገዱ በጭቃ ተቆርጦ ስለነበር ለቀብር አልደረሱም። ክረምቱ ወጥቶ ወደ ከተማ ሲመጡ አላለቀሱም። ያላየሁትን አላለቅስም አሉ። ሰው ቤት ገብተው ይቀመጣሉ፣ ይበላሉ፣ እህታቸው ገበያ የሄደች ይመስል በሩን ይመለከታሉ። ለመመለስ ጓዛቸውን የሚያስሩበት ቀን እየቀረበ ነበር።

ጎረቤቴ ከፊልሙ የእናቷን ክፍል በስልኳ አሳይታቸው ነበር። አክስቷ ዓይናቸው ደክሟል፤ ሰውን በድምፁ ነው የሚለዩት። ስልኩን ተቀብለው አገላብጠው ዳሰሱትና ጆሯቸው ላይ አደረጉት።

ጎረቤቴ ይህን ስትነግረኝ አልሳቀችም። ፊልሙ በሐጂ አዳራሽ ሊታይ መሆኑን የሰማችው በዚያው ሰሞን ነበር።

«እናቴ ግድግዳ ላይ ትልቅ ስትሆን አክስቴ ታያታለች» አለችኝ። «ትልቅ ነገር፣ ብርሃን ያለው ከሆነ፣ ታያለች። ካየች ታለቅሳለች። ካለቀሰች እኔም ልቤ ያርፋል።»

የፈለገችው ይህን ብቻ ነበር። አንዲት ሴት የእህቷን ፊት አንድ ጊዜ እንድታይ። ሲኒማ ከተፈጠረ ጀምሮ ከዚህ የቀለለ ትእዛዝ የቀረበለት አይመስለኝም።

የመጀመሪያው ቀን ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ፊልሙን እንመርቃለን ብለው መጥተዋል። የፊት ረድፍ ወንበሮች ተነሥተው ሶፋ ገብቷል፤ የታሸገ ውሃ፣ የፕላስቲክ አበባ። አክስቷ የደረሳቸው ከሶፋው ኋላ፣ የአንድ ሰፊ ትከሻ ጀርባ ነበር። እኔና ጎረቤቴ ግራና ቀኝ ሆነን ተቀመጥን። ፊልሙ ሲጀመር መብራት ይጠፋል ብዬ ጠበቅሁ። አልጠፋም። የመሥሪያ ቤቱ ካሜራማን የክብር እንግዶቹን እየቀረጸ ነበረና በእንጨት ላይ የታሰረ ኃይለኛ መብራት ወደ ሶፋው ደግኗል። ብርሃኑ ከኃላፊዎቹ ፊት አልፎ ግድግዳው ላይ ይተኛል። ሕዝቡ ፊልም ሊያይ መጥቶ ፊልሙ ግን ፊልም የሚያዩ ኃላፊዎችን ለማሳየት ተሠዋ። የእነርሱ ፊት ጥርት ብሎ እንደተቀረጸ አልጠራጠርም።

እናቷ መጡ። ነጭ ሻሽ፣ ቢጫ ቀሚስ። ቢላዋው ብልጭ ይላል፣ ቅርፊቱ ይበተናል፣ ከኋላ ባሮ አንድ ወጥ ነጭ ነጸብራቅ ሆኗል። በሻሹና በቀሚሱ መካከል ግን ምንም የለም። ግራጫ ቀዳዳ። መካከሉ ላይ ከጣሪያ የወረደች አንዲት የፀሐይ ክብ ተቀምጣበታለች።

ከኋላ አንዱ «ሻሹ ዓሣ እየፋቀ ነው!» አለ። ሌላው «ቀሚሷ ብቻዋን መጣች፣ ሴትዮዋ ቤት ቀርታለች» ብሎ ተቀበለው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የሳቁት ልጆች የእርሳቸው ዓይነት መልክ ያላቸው፣ ነገ ቢቀረጹ እንዲሁ የሚጠፉ ልጆች ናቸው።

አክስቷ በአኙዋክኛ የታለች ብለው ጠየቁ። አቦቦ ያደገ ሰው ይህን ያህል ይሰማል። ጎረቤቴ እጇን ዘርግታ፣ ያቻት፣ ሻሹ ሥር አለቻቸው።

«ሻሹን አየሁት» አሉ አክስቷ።

ከዚያ የእህታቸው ድምፅ ሲመጣ ፊታቸውን ከግድግዳው አዞሩና ወደ ድምፅ ማጉያው አደረጉ። እናቷ ተናግረው እስኪጨርሱ ያን ጥቁር ሣጥን ሲመለከቱ ቆዩ። ቀጥሎ ስለ ጀልባ መጣ፣ ስለ ዋና መጣ፣ ፊልሙ አለቀ። አንድ ኃላፊ ተነሥተው ሥራው የክልላችንን ገጽታ ለዓለም የሚያሳይ ነው አሉ። ተጨበጨበ። አጠገቤ የተቀመጠ አንድ መምህር ንዴቴን አይቶ፣ ዋናው መልእክቱ ነው፣ ድምፁ ተሰምቷል እኮ አለኝ። መልእክት! ማስታወቂያ ሰሌዳም መልእክት ያስተላልፋል። ሰው አዳራሽ የሚገባው ፊት ሊያይ ነው። ይህ ያልገባው ሰው ለራሱ ሠርግም ፎቶ አንሺ ባይጠራ ይሻለው ነበር።

ሰዉ ሲወጣ ሐጂን በር ላይ አገኘኋቸው። የፕሮጀክተሩ ሬሞት እንደ ወትሮው ከደረት ኪሳቸው ብቅ ብሏል።

«ሐጂ፣ ሴትዮዋ ፊት የላቸውም» አልኳቸው።

«ሲናገሩ ሰማኋቸው እኮ።»

«ፊት ነው ያልኩዎት።»

«እሱ ያለ ነው» አሉ ረጋ ብለው። «ጥቁር ሰው በፕሮጀክተር አይወጣም። እኔ አላመጣሁት፤ የፈጣሪ ሥራ ነው።»

«ፈጣሪ ስፖርት ላይ አላደረገውም፤ እርስዎ ነዎት።»

ሳቁ። መጽሐፍ አብዝተሃል አሉኝ፤ ይህ በዚህ ከተማ ለማንኛውም ክርክር መዝጊያ ነው። ከዚያ ግን ሳይጠየቁ ስለ ሟቿ ማውራት ጀመሩ። ሐጂ ልጅ ሳሉ ለአባታቸው ቤት ዓሣ ያመጡ የነበሩት ሟቿ ናቸው። ትልቁን ዓሣ ሁልጊዜ ለእናቴ ነበር የምታስቀምጠው አሉ። ፊቷን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ አሉ።

«እርስዎ ያውቁታል» አልኩ። «እህታቸው ናቸው ያላዩት። ለቀብር አልደረሱም። ዛሬ ሊያዩ መጥተው ሻሽ አይተው ሄዱ።»

ሐጂ ወደ መንገዱ አዩ። ጎረቤቴ አክስቷን በክንዳቸው ይዛ በአቧራው ውስጥ ቀስ እያለች ስትሄድ ገና ትታይ ነበር። ሬሞቱን ከኪሳቸው አወጡ፣ መልሰው ከተቱት።

ነገ ከጨዋታው በፊት አምጧቸው አሉ።

የሚደረገውን ስነግራቸው ግን ተከራከሩኝ። በር መዝጋቱን ተቀበሉ። ቁጠባውን ማጥፋቱንም፣ ፊታቸውን ቢያጠቁሩም፣ ተቀበሉ። ፕሮጀክተሩን አውርደን ወደ ግድግዳው እናስጠጋ፣ ምስሉ ትንሽ ይሁን ግን ይንደድ ስላቸው እምቢ አሉ። የሐጂ ቤት ትንሽ ምስል አሳየ ተብሎ ይወራል አሉ። እኚህ ሰው የሰው ፊት መጥፋቱ ሳያሳፍራቸው የግድግዳ ጥግ ባዶ መቅረቱ ያሳፍራቸዋል ብዬ በውስጤ ተንጨረጨርኩ። ብቻቸውን አይደሉም፤ በዚህ አገር አብዛኛው ነገር ተስፋፍቶ የደበዘዘ ነው። በመጨረሻ ከቤተሰቡ በቀር ማንም የማይገባ ከሆነ ፕሮጀክተሩ ይውረድ ብለው ተስማማን።

እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በሮቹ ላይ ሸራ ዘረጋን። ሐጂ ራሳቸው መሰላል ላይ ወጥተው የጣሪያውን ቀዳዳዎች በሳሙና ደፈኑ። የዘይት ቀለሙ እንዳያብረቀርቅ ጎረቤቴ ከቤቷ ነጭ አንሶላ አምጥታ ግድግዳው ላይ ወጠርነው። ፕሮጀክተሩን ከሽቦው ፈትተን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው፤ ምስሉ የአንድ በር ያህል ሆነ። ሐጂ ሬሞቱን ይዘው «ስፖርት» ከሚለው ወደ «ሲኒማ» ሲያዞሩት እጃቸው ቅር እያለው እንደሆነ ያስታውቅ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ወዲያው እንፋሎት ሆነ። ላብ ከቅንድባችን ይንጠባጠባል። አክስቷን ከአንሶላው ፊት ለፊት፣ እጃቸውን ቢዘረጉ ሊነኩት በሚችሉበት ቦታ አስቀመጥናቸው።

እናቷ መጡ።

እኔ እኚህን ሴት በሕይወት ሳሉ በየቀኑ አይቻቸዋለሁ፤ እንደዚያ ግን አላየኋቸውም። ከጉንጫቸው ላይ ብርሃኑ ወደ ቀይ ቡናማ፣ ከአንገታቸው ሥር ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ጥቁር ያልነው አንድ ቀለም አልነበረም፤ ስንት ነበር። ግንባራቸው ላይ ያሉት ጠባሳዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጥላ አላቸው። ሲናገሩ የአፋቸው ግራ ጠርዝ ቀድሞ ይንቀሳቀሳል። አንድ የዓሣ ቅርፊት ጉንጫቸው ላይ ተለጥፎ ይብለጨለጫል። ሐጂ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉ በለሆሳስ። ይህ ሁሉ ትናንትም ፋይሉ ውስጥ ነበር። አልጎደለም፣ አልተበላሸም። እኛ ነን በሣርና በማሊያ የቀበርነው።

አክስቷ አንገታቸውን አስግገው ተመለከቱ። አሁን ያለቅሳሉ ብዬ ጎረቤቴን አየኋት፤ እርሷም ያንኑ ትጠብቅ ነበር። አላለቀሱም። የእናቷ ክፍል ሲያልቅ ድገመው አሉ። ሐጂ ደገሙት። ሁለተኛው ሳይጋመስ አክስቷ በቋንቋቸው መናገር ጀመሩ።

«ጉንጯ የት ሄደ?» አሉ።

ወደ አንሶላው ይበልጥ ተጠጉ።

«ይህች ሴት ታማለች። ብዙ ጊዜ ታማለች።»

የሆነውን ማስረዳት አለብኝ። እናቷ ከመሞታቸው በፊት ብዙ ወራት ታመው ሲመነምኑ ኖረዋል። ወደ አቦቦ የተላከው መርዶ ግን በድንገት ሞተች የሚል ነበር። እንዲህ ተብሎ የተላከው በርኅራኄ ነው፤ ቢሰሙ ይጨነቃሉ፣ ዓይናቸው ደካማ ነው፣ መንገዱ ይከብዳቸዋል ተብሎ። ጎረቤቴ ያንን ፊት በየቀኑ እያጠበች ስላስታመመች መክሳቱ ጠፍቷት ነበር። ለእርሷ እናቷ እንደዚያው ነበሩ። አክስቷ ግን የሚያስታውሱት ሌላ ፊት ነው።

«እንዳትጨነቂ ብለን ነው» አለች ጎረቤቴ በመጨረሻ።

አክስቷ አልሰሟትም። እጃቸውን ዘርግተው አንሶላውን ነኩ፤ የነኩት ግን የእህታቸውን ፊት ሳይሆን ከኋላዋ ያለውን ነው። ትናንት አንድ ወጥ ነጸብራቅ የነበረው ወንዝ ዛሬ ወንዝ ሆኗል። ውሃው ቀጥኖ መካከሉን ይዞ ይሄዳል፤ ከግራም ከቀኝም ሰፊ ነጭ አሸዋ ወጥቷል፤ አሸዋው ላይ ልብስ ተሰጥቷል።

«ወንዙ ጎድሏል» አሉ። «አሸዋው ወጥቷል። በጋ ነው።»

ጋምቤላ ያለ ሰው ባሮን አይቶ ወሩን ይናገራል፤ ለዚህ ጥሩ ዓይን እንኳ አያስፈልግም፣ ጥሩ ብርሃን ከተገኘ።

«በጋ ከሆነ መንገዱ ደረቅ ነበር» አሉ አክስቷ። «መኪና ነበር። በእግሬም እመጣ ነበር።»

ጎረቤቴ ወደ እኔ ዞረች። እንደዚያ ተናድዳ አይቻት አላውቅም። «ይኸው፣ አጠራህልን» አለችኝ በአማርኛ። «ደስ አለህ?»

ደስ አላለኝም። ግን አልተጸጸትኩም፤ ዛሬም አልተጸጸትኩም። በእኔ ላይ መናደድ መብቷ ነው። በእርሷ ላይ መናደድም የአክስቷ መብት ነው፤ እህታቸውን በሕይወት የማየት ዕድል ተወስዶባቸዋል፣ የወሰዱትም የሚወዷቸው ሰዎች ናቸው። በደበዘዘው ግድግዳ ቢቀር ኖሮ አሮጊቷ ሻሽ አይተው፣ ውሸቱን ይዘው፣ ሳያለቅሱ ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር፤ እኛም ሰላም ነበርን እንል ነበር። እንዲህ ያለውን ሰላም የሚወዱ ብዙ ናቸው። ምስል ደበዘዘ ብሎ የሚጮኽ ሰው የሚረብሻቸውም ለዚህ ይመስለኛል።

ጎረቤቴ አክስቷን ልታቅፍ እጇን ዘረጋች። አክስቷ እጇን ገፉት። ከዚያ፣ እጇን እንደገፉት፣ ማልቀስ ጀመሩ። እንደ ለቅሶ ቤት ጩኸት አልነበረም፤ ከሆዳቸው የሚወጣ፣ ቁጣና ኀዘን ያልተለያየበት ድምፅ ነበር።

በሩ ይደበደብ ጀመር። ጨዋታው ሊጀመር ነው፣ ሐጂ ክፈቱ እያሉ ነው ልጆቹ፤ አንዱ ከውጭ ሐጂ ሁለተኛ ሚስት አግብተው ይሆናል ብሎ ያስቃል። ሐጂ በሬሞቱ ምስሉን አቆሙት። እናቷ አፋቸውን ገርበብ አድርገው፣ ቢላዋውን እንደያዙ፣ ወደ እኛ እያዩ ቀሩ። ሐጂ ወደ በሩ ሄደው ሸራውን በጀርባቸው ይዘው ቆሙ፤ ዛሬ ቆዩ ሲሏቸው ተሰማኝ፣ እዚህ ለቅሶ አለ።

ጎረቤቴ አክስቷን ቤት እንሂድ፣ ሙቀቱ ይጎዳሻል፣ እዚያ ሁሉንም እነግርሻለሁ አለቻቸው። አሮጊቷ ከወንበሩ አልተነሡም። ፊታቸውን ከአንሶላው ሳይነቅሉ አጠገባቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉ።

«እዚሁ ንገሪኝ» አሉ። «ከመጀመሪያው ጀምረሽ። እሷ እያየች።»